በአስካለ ስም

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ሪፖርቱ ዛሬ ጠዋት አልወጣም። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ወደ ዳታው መግባት አልተቻለም፣ የተቀመጠው ስም ወይም ፓስወርድ ልክ አይደለም ይላል።

አንብቤ ሳልጨርስ ገባኝ። ትናንት አለቃችን ማሪያ ሁሉም ሠራተኛ ፓስወርዱን ይቀይር ብላ ነበር። መዝጋቢዋ አስካለም ቀየረች። ያኒ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ለማሪያ ግን «ሰርቨሩ ነው» አልኳት። ነገ ረቡዕ ነው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ፣ ማታ

ዝርዝሩ አልተላከም። ማሪያ ቀኑን ሙሉ «ሉሊት፣ ሰርቨሩስ?» ስትለኝ ዋለች። እየሞከርኩ ነው እላታለሁ። ምን እንደምሞክር እኔም አላውቅም።

ይህን ደብተር የሚያነብ የለም፣ እዚህ ላይ እንኳ ልዋሽ?

ቢሯችን ባዳሮ የሚባል ሰፈር ነው፣ ካፌው ላይ ሁለተኛ ፎቅ። ወረቀት የሌላቸው የአገራችን ሴቶች እስከ ሰኔ 23 ከዚህ አረብ አገር ያለ ቅጣት እንዲወጡ ጊዜ ተሰጥቷል፤ የመጀመሪያው ዝርዝር የሚገባው ዛሬ ነበር። አስካለ ሴቶቹን እያስቀመጠች ትጠይቃለች፣ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። በየረቡዑ ሪፖርቱ ስማቸውን ሰብስቦ ባርኮድ ያለበት ዝርዝር ያትማል። እኔ ዝርዝሩን ይዤ ኢሚግሬሽን ሄጄ መስኮቱ ላይ አስረክባለሁ። በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም። ከዝርዝሩ የቀረች፣ ከሰኔ 23 በኋላ ከተያዘች እስር ቤት ነው።

እኔ የገባሁት ለጽዳት ነበር። ደብረ ብርሃን ዳታቤዝ መማሬን ያወቀው ሪፖርቱን የሠራው ሰላሁዲን ነው። መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላው ቆሜ ስክሪኑን ሳይ አየኝና «ይገባሻል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ወለል አጥባለሁ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ሪፖርቱን እጠብቃለሁ። አስካለ ግን ዛሬም ድረስ ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ጽዳቷ» ነው የምትለኝ። ሦስት ወንበር የሰጧት ይመስል እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች።

ሰላሁዲን በታኅሣሥ ኤርቢል ሥራ አግኝቶ ሲሄድ «ሪፖርቱ ዳታውን የሚያነብበት የራሱ ስም ያስፈልገዋል፤ የሰው ስም እንዳትሰጪው፣ ማሪያን አስፈቅደሽ አዲስ ክፈቺለት» ብሎኝ ነበር። ማሪያን ማስፈቀድ ማለት ቆሞ መለመን ነው። የአስካለ ፓስወርድ ደግሞ ኪቦርዷ ሥር ተለጥፏል። አቧራ ስጠርግ በየቀኑ አየዋለሁ። እሱን አስገባሁ። ሠራ። ኸላስ።

እዚህ አገር እኮ ሁሉም ነገር በሰው ስም ነው። የስልኬ ቁጥር ዓምና አገሯ በገባች ሴት ስም ነው። ይህ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ያለው ክፍላችን አብራኝ በምትኖረው በቀፀላ አሮጌ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ነው የተያዘው፤ ቀፀላም ክሊኒክ የምትገባው በሌላ ሰው ካርድ ነው። ስም ያላት ታበድራለች፣ የሌላት ትበደራለች። ነውር የለውም። ብቻ ሰው ይጠይቃል። እኔ አስካለን አልጠየቅኋትም።

አዲሱን ፓስወርድ ኪቦርዷ ሥር አልለጠፈችውም፤ ብትነግረኝ በአንድ ደቂቃ አስተካክለው ነበር። ግን ለምን ፈለግሽው ትለኛለች። ነገ አንዱን ዘዴ እፈጥራለሁ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ፣ ደረጃው ላይ

አምስት ጊዜ ሞከርኩ። የልጇን ስም። የትውልድ ዘመኗን። የምትኖርበትን ሰፈር፣ ባዕብዳን። ተቆለፈ።

አስካለ መጥታ መግባት አቃታት። ማሪያ ከፈተችላት። እኔ መስታወት እወለውል ነበር።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ዛሬም ተቆልፎባታል። ዛሬ ግን እኔ አልነካሁም፣ በማርያም ስም። ሪፖርቱ ራሱ ነው፤ ዓርብ ስነካካው በአንድ ጊዜ ፈንታ አምስት ጊዜ እንዲሞክር አድርጌው ኖሯል። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ተነስቶ በአሮጌው ፓስወርድ ሊገባ ይሄዳል፣ አምስት ጊዜ ይከለከላል፣ የአስካለ ስም ይቆለፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትደርስ ኮምፒውተሩ አላውቅሽም ይላታል።

«በዚህ ቢሮ መተት የሚያስደርግብኝ ሰው አለ» አለች፣ እኔን እያየች። «ወለሉን በምን ውሃ እንደምታጥቢው እንጃ።»

«በክሎሪን ነው» አልኳት። «የፈለግሽ እንደሆን ለአንቺም አለልሽ።»

ማሪያ አማርኛ ስለማትሰማ ሳቀች። ሁለታችን ግን አልሳቅንም።

የጠዋቱን ሰዓት ማጥፋት እችላለሁ። አንድ ቁልፍ ነው። ግን ባጠፋው ማሪያ ማን አጠፋው ትላለች። አጥፍቼ ለምን ብትለኝስ? ይቆይ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሁለተኛው ረቡዕ። ጄኔሬተሩ ለሦስት ሰዓት ስለጠፋ ማሪያ ያመካኘችው በመብራቱ ነው። እኔም አገዝኳት።

ቤት ስገባ ቀፀላ ፍራሹ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ። «ወሰድሽው?»

«ሰርቨሩ አልተነሳም።»

«እሱ ሰውዬ ደግሞ መቼ ነው የሚሻለው» አለች። ሰርቨር ሰው ይመስላታል። አላረምኳትም።

ሃምሳው ስለሆነ ረቡዕም ቢሆን ዶሮ ሠራሁ። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላሁት። ዘፈንም ከፍቼ ነበር። ለምን ደስ እንዳለኝ አላውቅም። ቀፀላ ሁለት ጉርሻ በልታ ተወችው።

ግንቦት 17፣ እሑድ

የቀፀላን እግር አሸሁላት። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። የክሊኒኩ ሐኪም ኩላሊቷ እየደከመ ነው፣ እዚህ ያለ ወረቀት የሚያክምሽ የለም፣ ቶሎ አገርሽ ግቢ ብሏታል። እህቷ ወልድያ አልጋ አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። ባለፈው ወር ከደረጃው ላይ ወድቃ ሥራ ካቆመች ወዲህ ከዚህ ክፍል የምትወጣው ለሽንት ቤት ብቻ ነው።

«አንቺስ ለምን አትመዘገቢም?» አለችኝ።

«አስካለ ፊት ተቀምጬ? የእናቴን ስም፣ ከማዳሜ ቤት ለምን እንደጠፋሁ ለሷ ልንገራት? ሞቼ ነው።»

«ለኔ ስትነግሪኝ አልሞትሽም።»

ያኔ ከማዳሜ ቤት፣ ከባዕብዳ በነጠላ ጫማ ወርጄ ይህን በር ሳንኳኳ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። ብርድ ልብሷን ከፍ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሦስት ዓመት ሆነን። እሷ ከሄደች ባለቤቱ ክፍሉን ምን ሊያደርገው እንደሆነ እንጃ። እሱ ነው የሚያሳስበኝ፣ የክፍሉ ነገር።

ነገ ለማሪያ እነግራታለሁ። ሰኞ ለእንዲህ ያለ ነገር ጥሩ ነው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

አልተመቸም። ማሪያ እንግዳ ነበራት።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ማሪያ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ። ከታች ካፌ ቡና አዘዘችልኝ። ማሪያ ቡና ስታዝልኝ ደስ አይለኝም።

ከኮምፒውተሩ ያወጣችውን ወረቀት አሳየችኝ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አምስት ጊዜ፣ አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ። «በዚህ ሰዓት እዚህ ማን አለ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የምከፍተው።»

«አስካለን አይተሻት ታውቂያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ ሐቢብቲ። ሴቶቹ የነገሩንን ምስጢር ለሰው ልትሰጥ እየሞከረች ይሆናል። ሪፖርቱንም ያበላሸችው እሷ ትመስለኛለች።»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንዳንዴ ቀድማ ትመጣለች» አልኩ።

እሷ ናት አላልኩም። ቀድማ ትመጣለች ነው ያልኩት። ትመጣለች እኮ፤ በጥር አንድ ቀን ዝናብ የጣለ ጊዜ ቀድማ መጥታለች።

«መርሲ» አለችኝ ማሪያ። ቡናውን አልጨረስኩትም።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አስካለ ተባረረች።

ሁላችን ፊት ነው የሆነው። ማሪያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። አስካለ አየችው፣ ደግማ አየችው። እኔማ የምትሳደብ መስሎኝ ነበር፤ ምላሷ እንደሆነ ስለት ነው። አልተሳደበችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሉሊት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

መወልወያው እጄ ላይ ነበር። ውሃው እየተንጠባጠበ ነበር። መልሼ ወለሉን መወልወል ጀመርኩ።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ የእናትሽ ልጅ።»

መሳቢያዋን ባዶ አደረገች። የልጇን ፎቶ፣ አንድ ጫማ፣ አንድ የእጅ ክሬም። ማሪያ እዚያው ስሟን ከፕሮግራሙ ዘጋችው። ሦስተኛው ረቡዕም እንዲሁ አለፈ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ማርያም ናት ዛሬ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ሰላሁዲን ከኤርቢል ደወለ። ማሪያ ናት የለመነችው። ከዚያ ሆኖ ኮምፒውተሬ ውስጥ ገብቶ ነገሩን አየው።

«ሪፖርቱ የሚገባው በአስካለ ስም ነው» አለ። «ማነው ያስገባው?»

«እሷ ትሆናለቻ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ አሎ፣ አሎ አልኩ።

«ሉሊት፣ ቀኑና ማሽኑ ተጽፏል። ታኅሣሥ፣ እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከአንቺ ኮምፒውተር። እኔ ለማንም አልናገርም። የኔ ሥራ ሪፖርቱን ማስነሳት ነው። የቀረው የአንቺ ነው።»

ለማሪያ ባይናገር ይሻላል ያልኩት ሰው ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ተቆጥቶኝ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ማሪያ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ የምትሰጠው ከጉዞ ስትመለስ ነው። አራተኛው ረቡዕም ሊያልፍ ነው። ይህኛው የኔ ጥፋት አይደለም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ድሮኑ ከጠዋት ጀምሮ አናታችን ላይ ይጮሃል። ቀፀላ «ይሄ ነገር ስሜን ያውቀው ይሆን፣ ሌላ የሚያውቅ የለም» ብላ ሳቀች። አልሳቅሁላትም። በየቀኑ ሰርቨሩ ተሻለው ወይ ትለኛለች። ዛሬ ጮህኩባት። እግሯ አብጦ ጫማ ስለማይገባላት የኔን ካልሲ አድርጋ ተቀምጣ ነበር የጮህኩባት።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ተስተካከለ። ሰላሁዲን ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። ለሪፖርቱ የራሱን ስም ከፈትንለት፣ ማንበብ ብቻ የሚችል፣ የማንም ሰው ያልሆነ። ይሠራል ወይ የሚለውን ተጫንኩት። አረንጓዴ።

አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። አራት ረቡዕ ያለፈው ለዚህች አምስት ደቂቃ ነው።

ማሪያ አቀፈችኝ። የአስካለን ወንበር ሰጠችኝ። ለኔም በስሜ መግቢያ ከፈተችልኝ። ሉሊት ብዬ ጽፌ ገባሁ። እዚህ አገር በስሜ የተከፈተልኝ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ወንበሩ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ኪቦርዱ ሥር ያለችውን ወረቀት ላጥኳት።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ስልሳ ሦስት ስም። ባርኮዱ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። በሰርቪስ ታክሲ ይዤው ሄድኩ፣ ሰውየው ማኅተም አደረገልኝ። ስሞቹን አላነበብኩም። ስም ነው፣ ምኑ ይነበባል።

ቀፀላን «ኸላስ፣ ገባ» ስላት እጄን ሳመችኝ። አስራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች እኮ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

መልስ መጣ። የተጠሩት ጣት ሊያሻሹ፣ አሻራ ሊሰጡ እየሄዱ ነው። ቀፀላ አልተጠራችም። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ዋለች።

ነገ ቢሮ አያለሁ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ፣ ማታ

አየሁ። ባላየሁት ይሻል ነበር።

የተመዘገቡት አንድ መቶ አራት ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስልሳ ሦስት። አርባ አንድ ሴት የለም። ጠዋቱን ሙሉ ፈለግኋቸው። ዳታው ውስጥ አሉ፣ አልጠፉም፣ ሪፖርቱ ግን አያወጣቸውም። ሰላሁዲን ሲሠራው እያንዳንዷን ሴት ከመዘገበቻት ሠራተኛ ጋር አያይዟታል፤ ሠራተኛዋ ካለች ሴቲቱ ትወጣለች፣ ሠራተኛዋ ከተዘጋች ሴቲቱም ትቀራለች። ስልሳ ሦስቱን በብርዱ ወራት የመዘገቧቸው ማሪያና በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው። አርባ አንዱን የመዘገበችው አስካለ ናት። አስካለን ዘጋናት፣ አርባ አንዱም አብረው ተዘጉ።

ቀፀላ ከአርባ አንዱ አንዷ ናት።

በኔ ስም አዲስ ልመዘግባት ሞከርኩ። ይህ የፓስፖርት ቁጥር ተመዝግቧል ብሎ መለሰኝ። ሦስቴ ሞከርኩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማሪያ የአስካለን ስም መልሳ ትክፈተው። ማሪያ ግን ለምን ትላለች። ሌባ ብላ ያባረረቻትን ሴት ስም ለምን እንደምትከፍት ካልነገርኳት አትከፍትም። ከነገርኳት ደግሞ ሁሉም ይከተላል፣ የታኅሣሡም፣ የጠዋቱም፣ «አንዳንዴ ቀድማ ትመጣለች» ያልኩትም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ። የዘንድሮው ጉድ እኔ ነኝ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ያንኑ ስልሳ ሦስት ከአምስት አዲስ ስም ጋር ወሰድኩ። ማሪያ ከጎኔ ቆማ ነበር። አፌን ከፍቼ «የአታሚው ቀለም አልቋል» አልኳት።

አንድ ረቡዕ ቀረ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ቀፀላ ትናንት ማታ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። መብራት አልነበረም፣ በስልኳ ነው ፊቴን ያየችው።

«አስካለ ደውላልኝ ነበር» አለች።

ደነገጥኩ። «ምን አለችሽ?»

«ምንም። አገርሽ ገባሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልገባሁም አልኳት። ከመዘገብኳቸው አንዲቷም አልተጠራችም፣ ሁሉም እየደወሉ ያለቅሱብኛል አለችኝ። አንቺን አላነሳችም። ስላላነሳችሽ ነው የገባኝ።»

ሰርቨሩ ምናምን ማለት ጀመርኩ።

«ተይ» አለችኝ። «እኔ ሰርቨር አላውቅም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ዝርዝሩ ያልሄደ ቀን ዶሮ ትሠሪያለሽ። የሄደ ቀን ፊትሽን አዙረሽ ትተኛለሽ።»

«እንድትሄጂ አልፈልግም ነው የምትዪው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ተናደድኩ። ስንት ነገር አደረግሁልሽ አልኳት። እግርሽን ያሸሁ፣ ውሃ የተሸከምኩ፣ መድኃኒት ያመጣሁ። እያንዳንዱን ቆጠርኩላት፣ አፌ አላረፈም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እውነት ነው፣ አድርገሽልኛል» አለች። «እዚህ ከሞትኩ ግን ሬሳዬን የሚያስወጡት በማን ስም ነው? ኢቃማዬ ጊዜው አልፎ ተቃጥሏል፣ ተጠሪዬ የነበረው ከፊሌ ሞቷል፣ ዝርዝሩ ላይ የለሁም። ሉሊት፣ እኔን ሳጥን ውስጥ እንኳ ብታስገቢኝ የሚጽፉብኝ ነገር የላቸውም።»

እኔ ይህን የምጽፈው ጠዋት ነው፣ እሷ ተኝታለች። ፈርቼ ነው። ክፍሉ አይደለም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ ያ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ከታኅሣሥ ጀምሬ ሳላስተርፍ። በአረብኛዬ ሲያቅተኝ ስክሪኑን እያሳየሁ።

ማሪያ መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ሲገባት ፊቷ ቀላ። «አንዲት ሴት በሐሰት አስባርረሽኛል» አለች።

«አዎ።»

«ቦንጁር እያልሽኝ በየቀኑ ትገቢ ነበር።»

«አዎ።»

እኔማ አንቺም እኮ ሳትጠይቂያት ነው ያባረርሻት ልላት ነበር። አልኳትም። አንድ ጊዜ ከጀመርኩ አይቀር። እሱን ስላት ነው በጣም የጮኸችው።

ግን ከፈተችው። የአስካለን ስም መልሳ ከፈተች፣ እኔ ሪፖርቱን አስነሳሁ። ስልሳ ስምንት የነበረው አንድ መቶ ዘጠኝ ሆነ። ሰማንያ ስምንተኛዋ ቀፀላ ናት። ጣቴን ስሟ ላይ አድርጌ ማሪያን አሳየኋት።

«እስከ ረቡዕ ሥሪ» አለችኝ። «ከዚያ ቁልፉን አስቀምጠሽ ውጪ።»

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ዝርዝሩን ማሪያ ራሷ ወሰደችው። አታምነኝም፣ ልክ ናት። ማኅተሙን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ሌላ ቃል አልጻፈችም።

ወለሉን አጥቤ፣ ቁልፉን አስቀምጬ ወጣሁ። ባዳሮ ያለው ካፌ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ይስቃል። ቫን ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አስራ ስድስት ቀን በስሜ መግባት እችል ነበር። ሌሎችን መዘገብኩ። ራሴን አልመዘገብኩም። ማንም ጠያቂ አልነበረብኝም እኮ፣ አስካለም አልነበረችም።

ተመልሼ ማሪያን መለመን እችላለሁ። ሰኞ ነው የሚያበቃው። አልለምንም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ቀነ ገደቡ ትናንት አለፈ። ቀፀላ ተጠርታለች። ለመለመን አልሄድኩም።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ቀፀላ ሄደች።

ሻንጣዋን የተሸከመችው አስካለ ናት። ያለ ማንም ጥሪ መጣች፣ ለኔ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳትለኝ ገብታ የቀፀላን እግር በሰፊ ጨርቅ ጠመጠመችላት። ሦስታችን በአንድ ታክሲ። ቀፀላ መሐል። ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ ለወትሮው አውሮፕላኖቹ ጣሪያችን ላይ ነው የሚያልፉት።

እኔና አስካለ ወረቀት ጠያቂዎቹ ወታደሮች ጋ ሳንደርስ ወረድን፤ እኔ ማለቴ ነው፣ እሷስ ወረቀት አላት። እሷ ግን አብራኝ ወረደች። ቀፀላ በመስኮቱ እጇን አወጣች። «ተጣልታችሁ እንዳትኖሩ» አለች። ታክሲው ይዟት ሄደ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ባለቤቱ በሩ ላይ ቆመ። ቀፀላ መሄዷን ሰምቷል። «ከጦርነቱ ወዲህ ያለ ኢቃማ ሰው አላስቀምጥም። እስከ ዓርብ በማን ስም እንደምጽፈው ንገሪኝ። ካልሆነ ዕቃሽን አውጪ።»

ስልኬ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ወረቀት ያላት ሴት አንዲት ብቻ አውቃለሁ።

አልደውልም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

እሷ መጣች። ሻንጣዋን ይዛ። ባዕብዳ ቤቷ ታስኖራት የነበረችውን አሮጊት ልጆቿ ፈረንሳይ ወሰዷት፣ ቤቱን ዘጉት። ኢቃማዋ እስከሚመጣው ሚያዝያ ይሠራል፣ የምታድርበት ግን የላትም። ቀፀላ ናት ከወልድያ ደውላ ክፍሉን የነገረቻት። ማሪያም ወደ ሥራ ተመለሺ ብላ ደውላላት ነበር። «ሽንት ቤት ባጥብ ይሻለኛል አልኳት» አለች፣ ደረጃው አድክሟት እያለከለከች።

ዙሪያውን አየች። ግድግዳውን፣ ገመዱን፣ የቀፀላን ባዶ ቦታ።

«ውሉን በስሜ እጽፋለሁ» አለች። «አንቺ የኔ ሰው ነሽ ብዬ እነግረዋለሁ። ግን ባለፈው ሳትጠይቂኝ ነው የወሰድሽው። አሁን ጠይቂኝ።»

የተሰጣውን ልብስ ከገመዱ ማውረድ ጀመርኩ።

«ዓርብ ነገ ነው» አለች።

«አስካለ» አልኩ። «ስምሽን አበድሪኝ።»

«አልሰማሁም።»

«ስምሽን አበድሪኝ።»

ሻንጣዋን አስቀመጠች። «ያኔም ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር» አለች፣ ሳታየኝ። ቀጥላ፣ «የመስኮቱ ጎን የኔ ነው። ከኔ ጋርም አታውሪ።»

ፍራሼን ወደ በሩ ጎተትኩ።